የዝናብ ቀን ቀይ ክር

ታላቅ እህቴ የንጽሕና አባዜ አለባት። ቤታችን የመጣ እንግዳ ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብላ የምታጥብ ሴት ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላማት ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈልጌያለሁ። ግን በኋላ ለሆነው ሁሉ ግማሹ ምክንያት ይኸው አባዜዋ ነው። ሌላው ግማሽ እኔ ነኝ፤ እሱን ቀስ ብዬ እናዘዛለሁ።

እትዬ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ ስታጸዳ ኖራለች። ቢላዋዋን አንዴ ሰደድ ካደረገችው የዓሣው ሆድ ዕቃ አንድም ቦታ ሳይቀደድ እንዳለ ይወጣል። አንድ ቀን ቀጭን፣ መነጽራም ሴት መጥታ፣ «ዓሣውን አልፈልግም፤ ሆድ ዕቃውን ብቻ ይሸጡልኛል?» አለቻት። እትዬ የሴትዮዋን ጤንነት ተጠራጠረች። ለካ ዶክተር ናት፣ የባሕር ተመራማሪ። ዓሦች ምን ያህል የፕላስቲክ ብናኝ እንደሚውጡ፣ ደግሞም አየሩ ሲለዋወጥ ቁጥሩ ይለወጥ እንደሆነ ልታጠና ነው የመጣችው። ሌሎቹ ዓሣ አጽጂዎች ሆድ ዕቃውን እየቀደዱ አስቸግረዋታል። የእትዬን እጅ ካየች በኋላ ግን በሳምንቱ ሆድ ዕቃውን ትታ እትዬን ራሷን ይዛት ሄደች።

እህቴ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነጭ ጋውን ለበሰች። የመጀመሪያው ሰሞን እራት ላይም አላወልቅም ብላ ነበር። እሷ ዓሣውን ትከፍታለች፤ ዶክተሯ ሆድ ዕቃውን በፈሳሽ አሟሙታ የተረፈውን ታጠልላለች፤ ከዚያ እትዬ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ የቀረውን ቀጭን የፕላስቲክ ክር ትቆጥራለች። ቤት ስትመጣ ሌላ ወሬ የላትም።

«ዝናብ ሲጥል መንገድ ላይ የጣልነው ሁሉ በቦይ ተጠርጎ ባሕር ይገባል» ትለኛለች ማንኪያዋን እያወዛወዘች። «ነፋሱ ደግሞ ከታች የተኛውን ያማስለዋል። ዓሣው በደፈረሰ ውሃ ምግቡን ከቆሻሻው በምን ይለየው? ያገኘውን ይውጣል። ገባሽ?»

እስኪገባኝ ድረስ ወጡ ይቀዘቅዛል።

ቅጥሯ ግን የስድስት ወር ብቻ ነበር። ጥናቱ ትልቁ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ተቀባይነት ካገኘ ሥራው ይቀጥላል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች። ካልሆነ ተመልሳ ዓሣ ገበያ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ቆማ። ያበጠ ጉልበቷን ስንት ዓመት ያሸሁት እኔ ነኝና ያ እንዳይመለስ እንደ እሷው እጸልይ ነበር።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ። እኔ ሹራብ ሠሪ ነኝ። ሥራ ስትጀምር ደስ ብሎኝ ቀይ ሹራብ ሠራሁላት። ክር ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ምሎልኛል። ግራ እጅጌው ክርን ላይ ሲደርስ ክሩ አለቀብኝ፤ ያው ቀይ ስለጠፋ፣ ማን ያየዋል ብዬ በደማቅ ሮዝ ጨረስኩት። የላብራቶሪው መስኮት ደግሞ በደንብ አይገጥምም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ክፍሉ በረዶ ነው። እትዬ ታዲያ በዝናብ ቀን ሹራቧን ጋውኗ ላይ ደርባ ትሠራለች። ልብ በሉልኝ፣ በዝናብ ቀን ብቻ። የዕለቱ ዓሣ ደግሞ በዕለቱ ነው የሚከፈተው።

ውጤቱ ጉድ ሆነ! በደረቅ ቀን አንድ ዓሣ ሆድ ውስጥ በአማካይ ሁለት ክር፣ በዝናብ ቀን ዘጠኝ። ዶክተሯ መሬት አልበቃትም። ስብሰባው ሐሙስ ሊሆን፣ ቅዳሜ ዕለት ማይክሮስኮፑ ያነሣውን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ለእትዬ ሸለመቻት። እሑድ ከሰዓት እትዬ ሳሎን ልትሰቅለው ወንበር ላይ ወጥታ፣ «ሚስማር አቀብዪኝ» አለችኝ።

ሚስማሩን ይዤ ስመጣ ፎቶውን አየሁት። ሁለት ክሮች ተጠማዝዘው ተኝተዋል። አንዱ ቀይ። አንዱ ደማቅ ሮዝ።

ክው አልኩ።

«እትዬ፣ ይኼ ዓሣ ሹራብ ይለብሳል እንዴ?»

«አትቀልጂ፣ ሚስማሩን አምጪ።»

«አልቀለድኩም። ይኼ የአንቺ ግራ እጅጌ ነው።»

ሹራቡን አምጥቼ ፎቶው ጎን ያዝኩት። እትዬ ከወንበሩ ወረደች። «ይሄማ የፕላስቲክ ክር ነው፤ ያንቺ ክር ሱፍ ነው ብለሻል!» አለች እንደ መማጸን ብላ። ከእጅጌው ጫፍ ትንሽ ክር ቆርጬ ክብሪት ለኮስኩበት። ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ይኼ ቀልጦ ጠብ አለና ሳሎኑ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ። ክር ሻጩን በሌለበት እስኪበቃኝ ሰደብኩት።

«ቆይ፣ ዶክተሯ ይህን አላሰበችም?» አልኳት።

«አስባለች እንጂ! ጎኔ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ያለበት የብርጭቆ ሳህን ታስቀምጣለች። ከአየር ላይ የሚወድቅ ካለ እሱ ውስጥ ይታያል ትላለች።»

«እና ምንም አልታየም?»

እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀይ ቀይ ነገር ይገባበት ነበር» አለች።

«እና?»

«ቆሸሸ ብዬ አጥበዋለሁ። እሷ ሳትመጣ።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያ ቆሻሻ ሳህን ላስረክባት?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ሆዴን ይዤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል እትዬ እያለቀሰች ነው። ያን ጊዜ ክፉ ምክር መከርኳት፣ አልዋሽም። «ዝም በይ። ማን ያውቃል? ሐሙስ ያልፋል፣ አንቺም ቋሚ ትሆኛለሽ።»

«ያ ሁሉ ሰው ፊት ቢጠይቋትስ?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኔ ያጠብኩትን ሳህን አምና ትዋረድ? አላደርገውም። ገበያው ይሻለኛል።»

ሰኞ ጠዋት ሹራቡን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ አብሬያት ሄድኩ። እትዬ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ተናዘዘች። የዶክተሯ ፊት አመድ መሰለ። ፎቶውን አየች፣ ሹራቡን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሮዙስ?»

«ክር አልቆብኝ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ መነጽሯ ወለቀ፤ እትዬም ተከተለቻት፣ እኔም። ሦስታችን ጠረጴዛ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን።

«ከየቀኑ አንድ አንድ ያልተከፈተ ዓሣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጫለሁ» አለች ዶክተሯ ዓይኗን እየጠረገች። «ሦስት ቀን አለን። ሁላችንም ጥጥ እንልበስ፤ ቢረግፍም ፕላስቲክ አይደለም። እርስዎም» አለችኝ፣ «ሳህኑን ይጠብቁልኝ። ከእህትዎ።»

እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የእትዬ እጅ ሳያስበው ወደ ሳህኑ በሄደ ቁጥር ቸብ አደርገዋለሁ። ማክሰኞ ዝናቡ ወረደ፤ በስስ ጥጥ ስንንቀጠቀጥ ዶክተሯ «ኮሪደር!» ትላለች፣ ወጥተን እንደ ልጅ እየዘለልን ሞቆን እንመለሳለን። ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻው ዓሣ ተቆጠረ። ደረቅ ቀን፣ ሁለት። ዶክተሯ የዝናቡን ደምራ አካፈለች። ተጠራጥራ ደግማ አካፈለች።

«አራት! ዘጠኝ አይደለም፣ ግን እጥፍ ነው! ቀይ አንድም የለበትም፤ ሳህኑም ንጹሕ ነው!» ብላ ጮኸች። «ዝናቡ አልዋሸንም!» እትዬ ዓሣ በነካ እጇ አቀፈችኝ። እትዬ፣ በዓሣ እጅ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንዳስጨነቃት የገባኝ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። ዶክተሯ «አራት» ብላ ጨረሰች። ሁሉም የሚፈሯቸው ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ወፍራም ቡናማ ሹራብ ለብሰው፣ እጃቸውን አነሡ።

«ክሮቹ ከገዛ ልብሳችሁ አለመውደቃቸውን በምን አወቅሽ?»

ዶክተሯ ፈገግ ብላ፣ «መልሱ ያለው ባልደረባዬ ዘንድ ነው» አለችና ተቀመጠች።

ባልደረባዬ! እትዬ ተነሣች። ክዳኑ የተጠረቀመ ትልቅ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቀዩ ሹራብ ውስጡ ተጠቅልሏል።

«ወድቀው ነበር ጌታዬ» አለች። «የጣልኩት እኔ፣ ያጠብኩትም እኔ ነኝ።» ሳህኑን፣ ሮዙን እጅጌ፣ ክብሪቱን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቁም።

«መጥቼ ሳህናችሁን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ የራሳቸውን ሹራብ በጥርጣሬ እያዩ። «ምን ለብሼ ልምጣ?»

«ጥጥ» አለች እትዬ። «እግርዎንም በር ላይ ይጥረጉልኝ።»

ያኔ እሳቸውም ሳቁ፤ እኔ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

የቋሚ ቅጥሩ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ። የሥራ ግዴታ ከሚለው ዝርዝር ሥር ዶክተሯ በእጇ ጨምራበታለች፦ «የውሃውን ሳህን አለማጠብ።» እትዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ተነፈሰች፣ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መለሰች።