የጉድጓዱ ውኃ ያበራ ጊዜ

በጃንሆይ ዘመን ቡሬ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ከኮሌጅ ይዤው የመጣሁት አንድ ዱቄት ነበረኝ፤ ውኃ ውስጥ ዚንክ የሚባለው ማዕድን ካለ ከዚያ ጋር ይዋሃድና በልዩ መብራት ሲታይ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። መብራቷም በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ነገር ነበረች። በእሷ የተነሣ ራሴን እንደ ሊቅ እቆጥር ነበር።

የሁለት ዓመት ልጄ ማስመለስ ስትጀምር መጀመሪያ የጠረጠርሁት የግቢያችንን ጉድጓድ ነው። በዚያው ሰሞን ዚንክ የተቀባ አዲስ ቧንቧ አስገብቼበታለሁ፤ አማቴ ይቅርብን እያሉኝ። ልጄን በገዛ እጄ መርዣት እንዳይሆን ፈራሁ።

በማግሥቱ አማቴ በጠርሙስ ቀዱልኝ። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ዱቄቱን ጨምሬ መብራቱን ሳበራ ውኃው አበራ። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ማድላቱን አይቻለሁ፤ ፍርሃቴ ግን ቆም ብዬ እንዳስብ ጊዜ አልሰጠኝም። ጉድጓዱን ከደንሁት፤ ውኃ ከምንጭ ይመጣ ጀመር። ልጅቷ አልተሻላትም። በታመመች በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱን ደግሜ መረመርሁ፤ አበራ። በአራተኛው ቀን የምንጩን ውኃ ሞከርሁ፤ እሱም አበራ።

ቧንቧ ያልነካው ውኃ ዚንክ ከየት አመጣ? አማቴ ያዘጋጁትን ባዶ ጠርሙስ አንሥቼ ምንም ሳልጨምር መብራቱን ባሳየው ጠርሙሱ ራሱ አበራ። ምን እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው።

“ለእርስዎ ዕቃ ነው ብዬ በወይራ አጠንሁት እንጂ። ሳይታጠን እንዴት ይቀዳበታል?” አሉኝ።

ያበራው ጢሱ ነበር። ሌላ ጠርሙስ አጥቤ ከጉድጓዱ ራሴ ቀዳሁና ዱቄቱን ጨመርሁበት፤ ምንም አላበራም። እፎይ ብዬ ውኃው ንጹሕ መሆኑን ስነግራቸው፣ ልጅቷን እንደታቀፉ ቀና ብለው አዩኝ።

“ታዲያ ልጄን ምን ነካት?”

ያን ሁሉ ቀን ውኃ ስመረምር ልጅቷን ማንም አልመረመራትም። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስጠራት አትዞርም። ከዚያ በፊት የፈራሁት ፍርሃት ሁሉ ቀልድ ሆነብኝ። ታቅፌያት ወደ መኪና መንገድ ሮጥሁ፤ አማቴ ተከተሉኝ፤ በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገባን።

ልጄ ድናለች። ያን ቀን ግን ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመች ሲጠይቀኝ፣ እኔ የሳይንስ መምህሩ “ከትናንት” አልሁት።

“አራት ቀኗ ነው ጌታዬ” አሉ አማቴ ከኋላዬ። “ውኃ ስናይ ቆየንባት።”