ስለ ሾላ ምንጭ ማን ተጠየቀ?

ቻይነሽ ረዳ ቡሬ አቅራቢያ ባለ የገጠር ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበረች። ወላጆቿ አዊ ስለሆኑ በሁለት ቋንቋ ትናገራለች፤ ስትቆጣም በሁለቱም ነው። ሃያ ሰባት እናቶችን ፊደል አስቆጥራ፣ ሌላው ቢቀር ስማቸውን መጻፍ እንዲችሉ ያደረገቻቸው እሷ ናት። በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ገበሬው ከየጎጡ ተነቅሎ አንድ መንደር ይሰባሰብ ተባለና የጥናት ቡድን መጣ። ቡድኑ አገሩን የምታውቅ ጠያቂ ፈልጎ ቻይነሽን መረጠ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

ጉዱ የመጠይቁ ወረቀት ላይ ነበር። «አዲሱ መንደር ሾላ ምንጭ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ይመሠረታል። ውሃው ለእርስዎ፦ ሀ. ቅርብ ነው፣ ለ. መካከለኛ ነው፣ ሐ. ሩቅ ነው» ይላል። የሚጠየቀው አባወራው ብቻ ነው።

እስቲ ፍረዱ! በዚያ አገር እንስራ አዝሎ ምንጭ የሚወርድ ወንድ ማን አየ? ሚስቱ ታማበት እንኳ ቢወርድ የመንደሩ መሳቂያ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ነው ስለ ውሃ የሚጠየቀው፤ ያውም የቡድኑ መሪ ጓድ ሃይለ ሚካኤል ከነሽጉጡ አጠገቡ ቆሞ። «ቅርብ ነው» ይላል፣ ሌላ ምን ይበል? ቻይነሽ መቶ አርባ አባወራ ጠየቀች፤ መቶ አርባ ጊዜ «ሀ» ላይ ምልክት አደረገች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ወረቀቱን ቤቷ ትታ፣ የራሷን እንስራ አዝላ ከሴቶቹ ጋር ወደ ሾላ ምንጭ ወረደች። ሁለት ቀን ምንም አልጠየቀችም፤ ቀዳች፣ ተሸከመች፣ የወገብ ሕመሟን ችላ ሲያወሩ ሰማች። በሦስተኛው ቀን ከተማሪዎቿ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሜቴ እናኑ እንስራቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አይ ልጄ፣ ይኼ ምንጭ እኮ እስከ ጥር ነው። ከየካቲት ወዲያ ጭቃ ነው የሚቀዳው። ያን ጊዜ ወንዝ ወርደን ስንመለስ ጀንበር ትጠልቅብናለች። አሁን ያን ሁሉ ሰው አምጥተው ሊያሰፍሩበት ነው?»

«ይኼን ለአለቆቹ ልንገርልዎ?»

«ንገሪ። ስሜን ግን እንዳታነሺ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ለውትድርና ያፍሱብኛል።»

ቻይነሽ ማርያምን ብላ ማለችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም አፋቸውን ከፈቱ፤ ገሚሶቹ በአማርኛ፣ ገሚሶቹ በአዊኛ። አንዲቱ ከወንዝ ሽቅብ ስትወጣ ፅንሷ እንደወረደባት ተናገረች። ለዚህ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ የት አለው? ቻይነሽ የሃያ ሰባቱንም ቃል ያለ ስም በደብተር ጻፈች። ጽፋም አልተወችው፤ ለእያንዳንዷ መልሳ አነበበችላት። «ኧረ እኔ ሁለት እንስራ አላልኩም፣ አንድ ነው። አትጨምሪብኝ እቴ!» ያለቻትም ነበረች፤ አረመችላት።

ደብተሩን ይዛ በጭነት መኪና የቡድኑ ጽሕፈት ቤት እስካለበት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደች። ጓድ ሃይለ ሚካኤል ሁለት ገጽ እንኳ አላነበበም።

«መቶ አርባ ሰው ቅርብ ነው ብሏል። ይኼ የሴት ወሬ ነው።»

«መቶ አርባዎቹ ውሃ ሲጠጡ እንጂ ሲቀዱ አላየሁም፣ ጓድ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ባለቤቶቹን ይስሟቸው።»

«እሺ፣ እነማን ናቸው? ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ስም አልጻፍኩም።»

«መንደር ምሥረታውን የሚያደናቅፍ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። አስታውሽ!»

«አላስታውስም» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ሃያ ሰባቱን ግን እንደ ዳዊት በቃሏ ታውቃቸው ነበር። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፤ እሷን አሥራ አንድ ቀን አሳሰራት። ሥራዋንም ተቀማች። የታሰረችው ስለዋሸች አይደለም፤ ሰው የነገራትን በትክክል ስለጻፈች ነው!

ቤቶቹ ፈርሰው፣ ሰዉ በኅዳር ሜዳው ላይ ሰፈረ። በጥር የእሜቴ እናኑን ልጅ ማንም ስማቸውን ሳይጠራ ለውትድርና ወሰዱት። በየካቲት ምንጩ ደረቀ። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ጎጡ መሸሽ ሲጀምር ከበላይ ቁጣ መጣ፤ ጓድ ሃይለ ሚካኤልም በመጋቢት ሐሩር ያንን ደብተር ይዞ ከተፍ አለ። ስብሰባ ጠርቶ፣ በአንድ እጁ ስክርቢቶ እንደያዘ ደብተሩን ከፍ አደረገ።

«ሕዝቡን እንዲሸሽ የቀሰቀሱት እዚህ የተጻፉት ናቸው። እነማን ናችሁ?»

ሁሉም ወደ ቻይነሽ ዞረ። ቻይነሽ አሁንም ማንንም አልጠቆመችም።

ከሴቶቹ መካከል እሜቴ እናኑ ባዶ እንስራቸውን እንዳዘሉ ተነሱ።

«ልጄን እንደሆነ ወስዳችሁታል። ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ? ስክርቢቶውን አምጣው።»

ደብተሩንም ስክርቢቶውንም ከእጁ ወሰዱ። የመጀመሪያውን ቃል ቻይነሽን አስነብበው የራሳቸው መሆኑን አረጋገጡና አጠገቡ እ-ና-ኑ ብለው ጻፉ፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ። ከኋላቸው ሁለተኛዋ ተነሳች፣ ሦስተኛዋም። ሃያ ሰባቱም በተራ ተሰልፈው፣ ቻይነሽ እያነበበችላቸው፣ ስማቸውን በየቃላቸው አጠገብ አኖሩ። አባወራዎቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጓድ ሃይለ ሚካኤል ላቡን ጠርጎ ውሃ እንዲሰጡት ጠየቀ።

መቶ አርባ ሰው «ቅርብ ነው» ባለበት መንደር አንድ ጣሳ ውሃ አልተገኘም።