በአመድ ነው ያልሁት ስንዴ

ኬሚስትሪ ላልተማሩ ሰዎች በኢንተርኔት አረንጓዴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ አንድ መሪጌታም አሉበት። ነገሩን ሳሳጥርላቸው፣ «መርዝ ከረጩ በኋላ ከማጽዳት መጀመሪያውኑ አለመርጨት ነው» እላለሁ። ስናገርማ እንዴት ያምርብኛል መሰላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ቤቴ ሳሎን ሆኜ ሳስተምር፣ መሪጌታው «እርስዎስ እህልዎን ከነቀዝ በምን ይጠብቁታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጉደኛው፣ ጓዳ ያለው ስንዴዬ ውስጥ የነቀዝ ክኒን ከትቼ በሩን የዘጋሁት ገና በዋዜማው ነበር። አምና ነቀዝ ስለፈጀብኝ ፈርቼ ነው። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው እንደሚገድል ደግሞ ነጋሪ አያሻኝም። ግን ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ እንዴት ብዬ ልናገር? «በአመድ ብቻ» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አመሰገኑኝ፤ ደስ አለኝ፣ ሳላፍር።

አክስቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከይፋግ መጥተው እዚያው ሳሎን ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የሉም። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል፤ አክስቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ጆንያዎቹ ሥር ተኝተዋል።

ዳቦውን ጥዬ ሮጥሁ። «ይነሡ፣ ይነሡ» እያልሁ ብብታቸውን ይዤ ወደ ግቢው አወጣኋቸው። ያስላቸዋል።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ? ብርሃኑ ዓይኔን ቢወጋኝ ጋደም አልሁ። አመድ ነው አላልህም?» አሉ።

ክኒን መሆኑን ነገርኋቸው። አንዴ አዩኝና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ምነው በሰደቡኝ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። የምታውቀኝ ነርስ መርምራቸው፣ «ቶሎ መውጣትዎ ነው ያተረፈዎት» አለች። ቀጥላም፣ «መርዝ ያለበት ክፍል እንዴት ይገባሉ? የነገረዎት ሰው የለም?» ብላ ጠየቀች። መልሱ የእኔ ነበር። ልናገር ስል አክስቴ ቀደሙኝ።

«ልጄማ ነግሮኝ ነበር። እኔው ነኝ እንቢ ብዬ የገባሁት» አሉ።

«እንዲህ ያለ የተማረ ልጅ እያለዎት አይሰሙም እማማ?» ብላ ተቆጣቻቸው።

አክስቴ አንገታቸውን ደፍተው «አጥፍቻለሁ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ዝም አልሁ።