የወጌሻው ትከሻና የፈተናዋ ዶሮ

ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባላል። በጂማ አቅራቢያ የምትገኘው የሰቃ ከተማ ወጌሻ ኦቦ አብራር ግን ሳይጠግብም ሳይዘልም ቀኝ ትከሻው ወለቀ። መጀመሪያ የቡና ጆንያ ሲያነሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ምክንያትም አላስፈለገው፤ ሲያስነጥስ ይወልቃል፣ ሸሚዝ ሲለብስ ይወልቃል። ሠላሳ ዓመት የሰው አጥንት የመለሰ ሰው የራሱን መመለስ አቅቶት፣ ሚስቱ መሪማ ትስባለች፣ እሱ እየጮኸ ያስተምራታል። ይባስ ብሎ ታካሚዎቹ "መሪማ አለች?" እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ይህቺ ከትከሻው በላይ አመመችው።

ማል ጎና፣ ምን ይደረግ ብሎ ጂማ ሆስፒታል ሄደ። ለአጥንት ቀዶ ሕክምና የምትሠለጥነው ዶክተር ቃለሕይወት የትከሻውን የኤምአርአይ ፎቶ አይታ፣ "ትከሻዎን የሚይዘው ጅማት ተላቅቋል። ቢመልሱት ተመልሶ ይወጣል፤ ተከፍቶ መሰፋት አለበት" አለችው።

አብራር ፈራ። ያቺ ክንድ ከተበላሸች ወጌሻነቱ አበቃ።

"ልጄ፣ ዶሮ አስረሽ ታውቂያለሽ?"

ሙያውን ባስተማረው በወጌሻው አባቱ ቤት ደንብ፣ እግሯ የተሰበረ ዶሮ አስሮ ያላራመደ ተማሪ ሰው አይነካም። በማግስቱ ባጃጅ የገጫትን የጎረቤት ዶሮ በቅርጫት ይዞ መጣ። ጥበቃው "ምንድን ነው?" ቢለው፣ "ታካሚ ናት" ብሎ አለፈ።

ዶክተሯ ሳቀች። "ኦቦ አብራር፣ አራት ዓመት ሙሉ በአስተማሪ ፊት ተፈትኛለሁ፤ የእርስዎንም ስሰፋ አስተማሪዬ አጠገቤ ይቆማሉ። ዶሮ ግን አልደረሰኝም" አለችና የዶሮዋን እግር በቀጭን እንጨት አሰረችው።

አብራር በግራ እጁ ዳሰሰው። "ጠብቋል፤ ደም አያሳልፍም።"

ነርሶቹ ሳቁ። እሷ ግን ወዲያው ፈታችው። "እንዴት ላድርገው? ያሳዩኝ።"

አብራር በግራ እጁ እያሳየ እንደገና አሳሰራት። እሱ በእሷ ዕድሜ ሳለ አባቱ ቢያርመው ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ነበር፤ ትዝ ሲለው አፈረ።

"ለስፌቱ መቼ ልምጣ?" አላት።

ከተሰፋ በኋላ መሪማ ክንዱን ከአንገቱ ጋር አስራ፣ እሱ ታካሚዎቹን በሚቆጣበት ቃል ስትቆጣው ከረመች። በአምስተኛው ወር፣ እግሯ ድኖ የምትራመደውን ዶሮ በቀኝ እጁ አንስቶ ቆጡ ላይ አወጣት። ትከሻው ንቅንቅ አላለም። አልሐምዱሊላህ ብሎ አለቀሰ።

በዚያው ሳምንት ኩመራ የሚባል ጫኝ ትከሻው ለአራተኛ ጊዜ ወልቆ መጣ። አብራር መለሰለትና፣ "አራቴ የወጣ የእኔ ሥራ አይደለም። ጂማ ሂድ፤ ዶክተር ቃለሕይወትን ጠይቅ" አለው።

ደንቡን የሰማው ኩመራ፣ "ዶሮ ልያዝ?" ሲል ጠየቀ።

"አያስፈልግም" አለ አብራር። "ፈተናውን አልፋለች።"