ሶረቲ የባሏን ስም የጠራችበት ቀን

ሶረቲ አጋሮ በሚገኝ የቡና መጋዘን ከጎኔ ተቀምጣ ቡና ትለቅም ነበር። ባሏ ደሬሳ ካራማራ ላይ እግሩን ተመትቶ በክብር የተሰናበተ ወታደር ነበር። የጡረታ አበሉን ወር በወር እየተቀበለ፣ እያነከሰ ጥቂት ዓመት ኖረ፤ በአንዱ ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ። አበሉም ቆመ። ለሚስቱ እንዲዞርላት ማመልከት ነበረባት። ካልተሳካላት ልጇ ነጋሳ ትምህርቱን ትቶ ከእኛ ጋር ሊለቅም ነው። እኔንም ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝ እንዲህ ያለው ችግር ስለሆነ፣ ብዙም ተስፋ ሳላደርግ ጅማ ጡረታ ቢሮ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «የባልሽ ስም?» አላት።

«የነጋሳ አባት፣ ጌታዬ።»

«ጌታ ቀርቷል፣ ጓድ በይኝ። የልጅሽን አይደለም፣ የባልሽን ስም።»

ሶረቲ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «የቤቴ ጌታ።»

«ጌታ ቀርቷል አልኩሽ እኮ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። በእነሶረቲ ቤት ሚስት የባሏንም የአማቷንም ስም አትጠራም፤ መጥራት ንቀት ነው። ሶረቲም ካገባች ጀምሮ ስሙ አንድ ቀን ከአፏ አልወጣም። እኔ ላስረዳው ስል፣ «አንቺን አልጠየቅኩም። በሰው ባል እየመጡ የሚያታልሉ አስቸግረውናል» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። «የባሏን ስም የምታውቅ ሚስት ስትገኝ ትምጣ።»

ስንመለስ፣ «ለምን አልጠራሽውም? ሞቷል እኮ» አልኳት።

«አማቴ አልሞቱም» አለችኝ።

በሳምንቱ አማቷ ኦቦ ዳባ ከደዶ መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው ጸሐፊው ፊት ቆሙና ደንቡን አስረዱት፤ ምራታቸው መሆኗንም መሰከሩላት።

«አባቴ፣ እርስዎን አምኛለሁ፤ ቃሉን ግን ራሷ መስጠት አለባት» አለ፣ አሁን ለስለስ ብሎ።

ሽማግሌው ወደ ሶረቲ ዞሩ። «ጄዲ፣ ኢንተላ ኮ። በይ ልጄ። ስሙን ያከበርሽው ይበቃል፤ አሁን ደግሞ ስሙ ልጁን ያሳድግ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጆሯቸውን በጋቢያቸው ደፈኑ።

ሶረቲ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ደሬሳ!» አለች ቀጥላ። ግቢው ድረስ ተሰማ። «ደሬሳ ዳባ! ካራማራ ላይ የቆሰለው ደሬሳ! የኔ ባል!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ እየጻፍኩ ነው» አለ ጸሐፊው።

«ድገሚው፣ የኔ እናት!» አለች ከሰልፉ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት። ሶረቲ ደገመችው። እልልታው ቀለጠ።

ኦቦ ዳባ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ «ጨረሰች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጨርሳለች፣ አባባ።»

«የእኔንም ጠራችው?»

«ጠርታዋለች።»

«ኧረ ሰምቻለሁ! ይሄ ጋቢ መች ድምፅ ያግዳል» ብለው ሳቁ።

አበሉ ዞረላት፤ ነጋሳም ከትምህርቱ አልቀረም። እኔ እንደ ድሮዬ ቡናዬን እለቅማለሁ፤ ከዚህ ዓለም ብዙ አልጠብቅም። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል ብያለሁ። ሶረቲ አሁን ሚዛን የሚያጭበረብር ቢገጥማት፣ «በደሬሳ አጥንት!» ብላ ትነሳለች፤ መጋዘኑ ጸጥ ይላል። አማቷ ከደዶ ሲመጡ ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የነጋሳ አባት» ትለዋለች።