ኪሱን ያራገፉት ልጅ

የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ የሞተው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ራሱን የሳተው ለቡ፣ አንድ ጅምር ሕንፃ ውስጥ። ሁለቱም ሴራሚክ አንጣፊዎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ተንበርክከው ስለሚውሉ ወገብና ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን የጀመሩትም ለዚሁ ነው። የዚያን ቀን ሻጩ ትራማዶል ነው ብሏቸዋል። ውስጡ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ልጁ ማንኮራፋት ሲጀምር ወንድሜ የተኛ መስሎት ሳቀበት። የደነገጠው ከንፈሩ ሲጠቁር ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ባጃጅ ከመጥራቱ በፊት የጓደኛውን ኪስ አራገፈ። ፖሊስ እንዳያገኘው ብሎ የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው ቦይ ውስጥ ወረወረው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ "ምን ወስዶ ነው?" ስትለው፣ "ምንም። ጨጓራውን ያመዋል፤ ቁርስም አልበላም" አላት። እሷም ይህንኑ አመነች፤ ስኳሩን ለካች፣ ግሉኮስ ሰቀለችለት። እውነቱን አውጣጥታ ስታገኘው ልጁ መተንፈስ አቁሞ ነበር።

ለቅሶው ላይ "ልቡን ነው" ተባለ። እውነቱን የምናውቀው ሁላችን ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ።

ወሬው ግን ወጣ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ክኒኑ የሰፈሩ ስብሰባ ተጠራ። ዩኒቨርሲቲ ስለጨረስኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ይመቸኛል፤ የሚጽፍን ሰው ተናገር የሚለው የለም።

"ክኒኑ የሚሸጥባቸው ፑል ቤቶች ይዘጉ!" አሉ አንድ አባት።

"ያከራዩት እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ?" አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ አውካካ።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ውሳኔውን ያስጽፉኝ ጀመር። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ የወሰደም ሆነ አብሮት የተገኘ ሁሉ ለፖሊስ ይሰጥ፤ ጤና ጣቢያውም እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣለት ወዲያው ያሳውቅ። ተጨበጨበ። እኔ መጻፌን አቆምኩ።

"ጻፊ እንጂ የኔ ልጅ" አሉኝ ሰብሳቢው።

"ይሄን አልጽፍም።" የሰማኝ ስላልነበረ ደገምኩት።

"ለምን ሲባል?"

"አብሮት የተገኘ ይታሰር ካላችሁ የታመመውን ማን ወደ ሐኪም ይወስደዋል? ጥሎት ይሮጣል። የሚሸጡትን እሰሩ። ታማሚ ይዞ የመጣውን ግን አትንኩት።"

"ለወንድምሽ ብለሽ ነው በይው እንጂ!" አለችኝ ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ።

ፊቴ ጋለ። "አዎ፣ ወንድሜ እንዳይሞት ነው" አልኳት። "እናንተስ ለምን ነበር የተሰበሰባችሁት?"

መዝገቡ ከፊቴ ተነስቶ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ካጨበጨቡት ውስጥ ልጁን አጥበው የገነዙት አሉበት። እንደ እብድ ልጮህ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜ አሁንም ክኒኑን አልተወም። ለማቆም ሞክሮ ሦስት ቀን ሲያልበውና ሲያስመልሰው አይቻለሁ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ። ስለዚህ በስብሰባው ማግስት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን አገኘኋት። እኩያዬ ናት።

"ሲስተር፣ ያኔ ወዲያው ቢነግሩሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?"

"በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር እየሰጠሁት አምቡላንስ አስጠራ ነበር። ትንፋሹን የሚመልስ መርፌም አለ።"

"እዚህ አለ?"

"ጠይቀናል። አልመጣም።"

ፑል ቤት ለማዘጋት ግማሽ ቀን የተሰበሰቡት ሰዎች ስለዚህ መርፌ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

"ወንድሜ ታማሚ ይዞ ቢመጣ፣ ወይም እሱን ይዘውት ቢመጡ፣ ለፖሊስ ትናገሪያለሽ?"

ወደ በሩ አየች። "የስብሰባው ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደርሶናል። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ እህቴ፤ ልጆች አሉኝ። እንቢ እላለሁ ብዬ ልዋሽሽ?"

በእሷ ልቆጣ አልቻልኩም። እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄድኩ፤ ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጋር ብቀመጥ የምጮህ መስሎኝ ነው።

ቤት ስገባ ወንድሜ ጫማውን እያሰረ ነበር።

"ምን አለችሽ?"

"ማሸጊያውን ይዘው ይምጡ፤ ምን እንደተወሰደ ይንገሩኝ። ማንንም አልጠይቅም፣ ለማንም አልናገርም ብላለች።"

"ሙት በይ?"

"ሙት።"

ትክ ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ። አንድ ቀን ይህን ውሸቴን ይዞ ሄዶ ይታሰር ይሆናል። ከሚሞት ታስሮ ይጥላኝ።