ማካካሻው ማሽላ

ቀጭን ነኝ። ነፋስ በተነሳ ቁጥር «ኧረ ያዙት» እየተባለ ሲቀለድብኝ ኖሯል። ቅጥነቴ የጠቀመኝ ፈረስ ላይ ስወጣ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊነጥቁኝ መጡ።

ከባምባሲ ወጣ ብሎ ባለው የሰፋሪዎች መንደራችን፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የረጅም መንገድ ግልቢያ አለ። ከመንደሩ ተነስተን አሶሳ ዳርቻ ድረስ እንሄዳለን። ቀድሞ መግባት ብቻውን አያሸልምም። ሽማግሌዎቹ በባጃጅ ይከተሉና መጨረሻው ላይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ኮርቻ አስወርደው የፈረሱን ጀርባ ይዳስሳሉ። ጀርባው ተልጦ ከተገኘ ጋላቢው አንደኛ ቢገባም ተሸናፊ ነው።

ያን ዓመት ሽልማቱ አዲስ ኮርቻ ነበር። የአባቴ ኮርቻ አርጅቶ ሆድ ዕቃው ወጥቷል። አባቴን ደግሞ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የምታደርሰው ባዝራዋ ናት። ለውድድሩ ባዝራዋን ሲሰጠኝ አንገቷን እያሻሸ፣ «ኮርቻው ቢቀር ይቀራል። እሷን ጀርባዋን ልጠህ ገጣባ አድርገህ ካመጣህብኝ ግን እስከ ፋሲካ ከደጅ አልወጣም» አለኝ።

ዋናው ተፎካካሪዬ የባምባሲ እህል ነጋዴ ነው። ወዳጄ ነው፤ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። መነሻው ላይ እኔን አየና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አቦ፣ ይሄማ ውድድር አይደለም። የሱ ባዝራ ባዶዋን ነው የምትሄደው። የኔው እኔን ተሸክሞ! ያወፈረኝ እግዜር ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ አወጡን። እኔ የጎደለኝን ያህል ማሽላ በጆንያ ተሞልቶ ከኮርቻዬ ኋላ ታሰረ። ሁሉም «አሁን እኩል ሆነ» አለ። እኔም ውስጤ እየተቃጠለ እኩል ሆነ አልኩ።

ሜዳው ላይ ክፉ አልነበረም፤ ጎን ለጎን ነበርን። ዳገቱ ሲጀምር ግን ነጋዴው ወረደ። ልጓሙን ይዞ እያለከለከ በእግሩ መውጣት ጀመረ፤ ፈረሱም ባዶ ጀርባውን ይዞ ተከተለው። እኔም ወረድኩ። ማሽላው ግን አልወረደም።

ይህን ከመካከላችን ያሰበው አልነበረም። ሰው ዳገት ላይ ወደፊት ያጎነብሳል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይላል፣ ፈረሱ ሲደክም ይወርዳል። ጆንያ ይህን አያውቅም። ባዝራዋ ወገቧን እያጣመመች ስትራመድ እጄን ከኮርቻው ግላስ ሥር ሰደድኩ፤ ጸጉሯ ረጥቧል፣ ቆዳዋ እንደ ምጣድ ግሏል። ትንሽ ቆይቶ ይላጣል። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ታየኝና ፈራሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሽማግሌዎቹን መናገር ፈርቼ ጆንያውን በቡጢ ደለቅኩት።

ባጃጁ አጠገቤ ቆመ። ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን አወጡ።

«ጣለው እንዳልልህ፣ ተስማምታችኋል።»

«አልጥለውም፣ አባባ» አልኩና ገመዱን ፈትቼ ጆንያውን በትከሻዬ ተሸከምኩት።

አንገታቸውን ወደ ባጃጁ መለሱ። አላስቆሙኝም። ዳገት በመጣ ቁጥር እኔ ተሸከምኩ፤ ሜዳ ሲሆን ለእሷ መለስኩላት። ማንጎው ሥር ስደርስ ነጋዴው ታጥቦ ምሳውን በልቷል። የፈረሱ ጀርባ ንጹሕ ስለነበር ኮርቻው የእሱ ሆነ፤ ይገባዋል። ተነስቶ ጆንያውን ከትከሻዬ ተቀበለኝ፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን አንገዳገደው።

«አቦ፣ ይሄ ሁሉ ትርፍ የኔ ነው?» አለ። ሳቅን፤ የእሱ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ። ሄዶ የፈረሱን ግንባር ሲያሻሽ አየሁት።

በማግስቱ ባዝራዋን እየሳብኩ ቤት ደረስኩ። አባቴ ስለ ኮርቻው አልጠየቀኝም። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ መዳፉን ከጫንቃዋ እስከ ወገቧ ቀስ ብሎ አሳለፈ። ደረቅ ነበር፤ ደህና ነበረች። ደስ አለኝ።

ከዚያ እጁን ወደ እኔ አመጣና የሸሚዜን ኮሌታ ገለጥ አደረገ። ጆንያው የላጠውን ትከሻዬን ቀረብ ብሎ አየው።

«ገጣባውስ አንተ ነህ» አለ። «ሂድ፣ ቅቤ ተቀባ። ነገ ገበያ እሷ ታደርሰኛለች፤ አንተን የሚጭንህ የለም።»